የሻምበል ከስክስ

ሻምበል በሕይወቱ አንድም ቀን ወታደር ሆኖ አያውቅም። ማዕረጉን ያሸከሙት በዘበኝነት በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ምክንያቱም ያ ጥቁር የቆዳ ከስክሱ ክረምት ከበጋ ፊት ያሳይ ነበር። ሴቶቹ ጠዋት ሲገቡ፣ «ሻምበል፣ እግርህን ቀጥ አድርግማ፣ ሻሻችንን እንይበት» ይሉታል። እሱም ኮራ ብሎ ቀጥ ያደርግላቸዋል። ሰው የሚኮራበት ነገር አያጣም፤ የእሱ ደግሞ ከቁርጭምጭሚት በላይ አይወጣም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነጥፍና ማሰሪያውን ፈትቶ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል። ከዚያ ጥላ ላይ ያደርቀዋል እንጂ ፀሐይ አያሳየውም፤ ቆዳም እንደ ሰው ነው፣ ፀሐይ ያስረጀዋል ባይ ነው። ሲደርቅ በጣቱ ቅባት እየነካ ስፌት ስፌቱን ያሻል፣ ቀለም ይቀባል፣ በብሩሽ ይወለውላል፣ በመጨረሻም በአሮጌ ካልሲ ያብሰዋል። ሚስቱ ከኩሽና ሆና ታየዋለች። «እኔን ለደባልነት ነው ያመጣኝ» ትላለች ለጎረቤት፤ «ሚስቶቹስ እነዚያ ሁለቱ ናቸው።»

እግሩንም ቢሆን አልረሳም፤ ይሄ ይታወቅልኝ። ስኳር ካለበት ሰባት ዓመት ሆኖታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ «አባባ፣ እግርዎ እየደነዘዘ ነው፣ ቢወጋዎትም አይሰማዎትም፣ በየማታው ይዩት» ካለችው ጀምሮ አልጋው ላይ ሲቀመጥ ሚስቱ መስታወት ይዛ ውስጥ እግሩን ታይለታለች። አንድም ማታ አልዘለሉም ነበር።

ጫማውን የሚሠራለት ወስፌ ነው። እሱም ስሙ አይደለም፤ ከፋብሪካው ፊት ለፊት፣ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የሚሠራ ጫማ ሰፊ ነው። የራሱ የወስፌ ሚስት ከሞተች በኋላ ከዚያች ደረጃ ሥር በቀር ዓለም የለውም። ከሻምበል ጋር ሃያ ዓመት ሲሰዳደቡ ኖረዋል፤ መሰዳደባቸውም ፍቅር ነው። ወስፌ ታኮ መትቶ ሲጨርስ አንድ ልማድ አለው። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ጫማው ውስጥ ያስገባና ከጣት እስከ ተረከዝ ይዳብሳል፤ ሾልኮ የቀረ የሚስማር ጫፍ ካለ ይመታዋል። ሳይዳብስ ጫማ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ደግሞ ሁለቴ ነው የሚዳብሰው።

አንድ ሐሙስ ሻምበል ሶል አስቀይሮ በነጠላ ጫማ ቆሞ ይጠብቃል። የመጨረሻዋ ሚስማር እንደተመታች ፋብሪካው በር ላይ መኪና ጡሩምባውን ያንባርቀው ጀመር። የሚከፍት ሰው የለም።

«ቆይ፣ ልዳብሰው» አለ ወስፌ።

«ወዲህ አምጣ! ያንተን እጅ ማን ይጠረጥራል? ደሞ ቢወጋኝስ መች ይሰማኝና!» ነጥቆት አጠለቀና እየሳቀ ሮጠ።

በዚያው ቀን በተራ የሚቀይረው የዘበኛ ጓደኛው እናት አረፈች። ሻምበል፣ «ሂድ፣ እናትህን ቅበር፣ እኔ አለሁልህ» አለውና ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ከበሩ ሳይነቃነቅ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ቆመለት። እሑድ ቤቱ ሲገባ ካልሲው ከእግሩ ጋር ተጣብቋል። ሚስቱ ጫማው ውስጥ እጇን ብትከት ጣቷን ወጋት፤ የምስር ፍሬ የማታህል የሚስማር ጫፍ ናት። ቁስሉ መርቅዞ ነበርና ሆስፒታል መጀመሪያ አንድ የእግር ጣቱን ቆረጡት። አልበቃ አለ። በአምስተኛው ሳምንት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሄደ።

እዚያው ሆስፒታል አልጋ ላይ ባልና ሚስቱ ተጣሉ። ሚስቱ ቤት ሄጄ ሚስማሯን ነቅዬ ወስፌ ፊት ካልወረወርኳት ብላ ተነሥታ ነበር። ሻምበል እጇን ያዘ።

«እሱ ልዳብሰው ብሎኛል። የነጠቅኩት እኔ ነኝ።»

«እንደዚያው ብለህ ንገረዋ!»

«ብነግረው ከእንግዲህ መዶሻ የሚያነሳ ይመስልሻል? እኔ እግሬ ነው የሄደው። እሱ ያለችው እጁ ናት። ሆድ ይፍጀው፣ ተዪው።»

ብዙ አለቀሰች። በመጨረሻ ግን ማለችለት፤ ቤት እንደተመለሱም ሚስማሯን በጉጠት የነቀለችው እሷ ናት።

ወስፌ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ብርቱካኑን አስቀመጠና ምን እንደወጋው ጠየቀ። ሻምበል አዘጋጅቶት ነበር፤ ግቢ ውስጥ በባዶ እግሩ ሲንጎራደድ የጠርሙስ ስባሪ መርገጡን ነገረው። ወስፌ ትንፋሹን ለቀቀ። «እኔማ ስንቱን አሰብኩ...» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። የዚያን ሰውዬ ፊት ሲፈታ ማየት ለሻምበል ደስታም ሕመምም ነበር። ቀጥሎ ግን ወስፌ ተቆጣ። በባዶ እግር? አንተ? ስኳር እያለብህ? ሰው ጫማውን እንዲህ ተንከባክቦ እግሩን ይጥላል? እያለ እስኪሰናበት ድረስ ወቀሰው። ሚስቱ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወስፌ በሐዘኔታ ለአንዱ ያወራው ለሁሉ ደረሰ። የፋብሪካው ሴቶች ስለ ሻሻቸው መቀለዱን ትተው ከንፈር ይመጡለት ጀመር። ልጁ ጫማውን በጥንቃቄ ባይዝለት፣ «እንደ ሻምበል በባዶ እግርህ ሂድ» የሚል አባት ተሰማ። በዚያ በር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ጥንቁቅ ሲባል የኖረ ሰው በሁለት ወር ዝርክርክ ተባለ። እግሩን የቆረጡት ቀን ያላለቀሰው ሻምበል ይሄን የሰማ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ሚስቱ መሐላዬን መልስልኝ አለችው። አልመለሰላትም።

አሁን ጠዋት ጠዋት በክራንች እየተደገፈ ወስፌ ዘንድ ይሄዳል፤ ሌላ የት ይሂድ? ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴትዮ የተቀደደ ጫማ ይዛ መጣች። ስኳር አለብኝ፣ እግሬን እንዳይፍቀኝ አድርገህ ሥራልኝ አለችው። ወስፌ ጫማውን ተቀበለና በመዶሻው ወደ ሻምበል ጠቆመ።

«እሱን እዪው፣ እህቴ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወንድሜ ነው። ግን ቸልተኝነቱ ነው እግሩን የበላው። እኔ የሠራሁለት ደህና ጫማ እያለው በባዶ እግሩ ሄዶ!»

ሴትዮዋ ወደ ሻምበል ዞረች። ከላይ እስከ ታች አይታው ዓይኗ የታጠፈው ሱሪው ላይ ቀረ። «እውነቱን ነው፣ ጋሼ?» አለችው።

ሻምበል ወስፌን አየው። ሚስማሮቹን በከንፈሩ ይዞ ሥራውን ጀምሯል፤ እጁ አይንቀጠቀጥም።

«እውነቱን ነው፣ እህቴ» አላት። «ቸልተኛ ነበርኩ።»