ስሟ ያስጠላት ወፍ

አምበር ያለው የሚባል ጎረቤቴ፣ እርግብ አውድማው ላይ ወርዳ ስንዴውን ስትለቅምለት፣ «መንፈስ ቅዱስ የወረደው በእሷ አምሳል ነው፤ አትንኳት» ይላል። ጥንብ አንሳ ግን አንዲት ፍሬ ሳትነካበት ስሟ ብቻ ያንገፈግፈዋል።

ባለፈው ክረምት ጅብ ልግደል ብሎ የሞተች በቅሎው ላይ መርዝ ነሰነሰ። ጅቡ አልመጣም፤ ጥንብ አንሳዎቹ ግን በልተው ከመንደራችን በታች ባለው ገደል ሥር እንደ ቅጠል ረገፉ። ሳዝን አይቶኝ፣ «ስሙ ጥንብ አንሳ ለሆነ ፍጡር ደግሞ ምን ይታዘንለታል!» ብሎ ሳቀብኝ።

ሰሞኑን በሬው ሞተበትና እንደ ልማዳችን ጎትተን ገደሉ ውስጥ ጣልነው። አንድም አሞራ ዝር ሳይልበት ሳምንት አለፈ፤ ግማቱ ቤቱ ድረስ ገባ። አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ መጣና፣ «ምነው እነዚያ አሞሮች ቀሩ?» አለኝ።

«ታዲያ እርግቦችህን አትጠራም?» አልኩት።