ካርታው ላይ የተጻፈው ስም

ተፈረመ! ማኅተሙም ከላዩ ላይ ዱብ ብሎ አረፈ! ቀለሙ እንኳ ሳይደርቅ ወሬው ከማዘጋጃ ቤቱ በር ወጥቶ ገበያውን ዞረው። ዛሬ ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ቀነ ቀጠሮው ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። የማን ነገር ነው ብትሉ የእትዬ ደስታነሽ ነው። የፍኖተ ሰላሟ በርበሬ ነጋዴ እትዬ ደስታነሽ ቤታቸውን ሸጡ፤ ስሙም ዞረ።

ቤት መሸጥ ደግሞ ምን ወሬ ሆኖ ነው የሚል ካለ፣ እሱ ለቤት ሽያጭ ወረቀት አሰባስቦ የማያውቅ ሰው ነው።

እትዬ ደስታነሽ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከባላቸው ከአቶ አድማሴ ጋር ባቆሙት ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት ኖረዋል። አቶ አድማሴ ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። አንዲት ልጃቸው ያምሮት ቡሬ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። እትዬን የሚያንገበግባቸው እነዚያ ልጆች ናቸው። አያት መጣች ሲባል ሮጠው እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ይገባሉ።

«በሦስተኛው ቀን ይለምዱኛል፤ ያን ጊዜ እኔ መሄጃዬ ይደርሳል» ይሉ ነበር። «ለገዛ የልጅ ልጆቼ እንግዳ ሆኜ ልሙት?»

መጋቢት ላይ ታዲያ ከያምሮት ቤት ጋር በአጥር የሚዋሰነው ቤት ሊሸጥ መሆኑ ተሰማ። ባለቤቶቹ ጨርቅ ነጋዴዎቹ ያህያና ሚስቱ ሙስሊማ ወደ ባሕር ዳር ሊዛወሩ ነው። ሙስሊማ ያምሮትን እንደ እህቷ ነው የምታያት።

«እናትሽ ይግቡበት» አለቻት። «እስከ ግንቦት ሠላሳ ለማንም አላሳይም። ከዚያ በኋላ ግን ያህያን ማስቆም አልችልም፤ ፈላጊው በሩ ላይ ነው።»

እትዬ ያንን ለመግዛት ይህንን መሸጥ አለባቸው። ገዢው በሳምንቱ ተገኘ፤ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ከዚያ በኋላ ነው መከራው የመጣው።

ማዘጋጃ ቤት ያለው ወንዳወቅ የሚባለው ሠራተኛ የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ነገራቸው፤ የቤቱ ካርታ፣ የየዓመቱ የግብር ደረሰኝ፣ መታወቂያ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ባልዎ ስለሞቱ የወራሽነት ውሳኔ፣ ልጅዎም ወራሽ ስለሆነች የእሷ ስምምነት፣ ቤቱ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ። እትዬ ማንበብ አያውቁምና ሁለት ጊዜ አስደግመውት፣ እንደ ዳዊት በቃላቸው እየወጡት ቤታቸው ገቡ።

ወረቀቶቹ የሚቀመጡት በበርበሬው ጆንያ ውስጥ ነው። አይጥ ሁሉን ይደፍራል፣ በርበሬ ግን አይደፍርም። ደረሰኞቹ አንድም ሳይጎድሉ ወጡ። የጋብቻው ነገር ትንሽ አስቸገረ፤ ገጠር በሽማግሌ ፊት የተጋቡ ሰዎች ምን ወረቀት አላቸው? ቀበሌው ሰርጉን የበሉ ሽማግሎችን አስመስክሮ ጻፈላቸው። የዕዳውን ደብዳቤ የሚሰጠው ቢሮ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ብሎ አራት ቀን አመላለሳቸው። ያምሮት ከቡሬ መጥታ ፈረመች። ፍርድ ቤቱም ወራሽነታቸውን ወሰነ። ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን እትዬ ሁሉንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወንዳወቅ ፊት ዘረገፉት።

ወንዳወቅ ገና ካርታውን ሲገልጠው አነጠሰ። ደገመ፤ ሠለሰ። «ኧረ እትዬ፣ ይሄ ካርታ ነው ወይስ አዋዜ!» አለና ዓይኑን እየጠረገ አነበበ።

«እትዬ፣ ወልደ ሥላሴ ማን ናቸው?»

እትዬ ግራ ቀኝ አዩ። ከኋላቸው ሰልፍ አለ። «ቀስ በላ!» አሉት በሹክሹክታ። «ባሌ ነዋ።»

«ባልዎ አድማሴ አልነበሩም? መታወቂያውም፣ የወራሽነት ውሳኔውም አድማሴ ይላል። ካርታው ወልደ ሥላሴ ይላል። ሁለት ባል ነበረዎት እንዴ?»

ሰልፉ ሳቀ። እትዬ ዞር ብለው፣ «ለአንዱ ወጥ መሥራት እያቃተኝ!» አሉ፤ ሳቁ ግን ለእሳቸው አልመጣላቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ቀያሾች መጥተው ቦታውን ለክተው «ስም?» ሲሉ፣ አቶ አድማሴ ደረታቸውን ነፍተው «ወልደ ሥላሴ» አሉ። የክርስትና ስማቸውን! እትዬ ለቀያሾቹ የያዙትን ውኃ በድንጋጤ ሊደፉ ምንም አልቀራቸውም። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ክፉ ሰው ይዞ መተት ይሠራበታል።

«ምን ነካህ አንተ ሰው?»

«ቤት እኮ ነው» አሉ አቶ አድማሴ። «እኛ ስናልፍ የሚቀር ነገር ነው። የሚቀር ነገር ላይ የዓለም ስሜን ልጻፍበት? እግዜር የሚያውቀኝ በዚህኛው ነው።»

ካርታው በዚሁ ስም ወጣ። እትዬም ስሙ እንዳይታወቅ ከበርበሬው ሥር ቀብረው ሰባት ዓመት ለማንም አላሳዩም። አንድ ማንበብ የሚችል ሰው ቢያየው ኖሮ ነገሩ ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ ይታረም ነበር።

ወንዳወቅ አዘነላቸው። «ፍርድ ቤት ይሂዱ። ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ያቅርቡ። እርስዎ ግን ባለጉዳይ ስለሆኑ ምስክር አይሆኑም።»

ሦስት ሰው! ያንን ስም የሚያውቁት እሳቸው፣ የአቶ አድማሴ የክርስትና አባትና የነፍስ አባት ነበሩ። የክርስትና አባትየው ከሞቱ ቆይተዋል። እትዬ በማግስቱ በባጃጅ እስከ ማንኩሳ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር ሄደው የነፍስ አባታቸው አባ ገብረሰንበት ዘንድ ደረሱ። ሰማንያ ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። መስቀል ተሳልመው ነገሩን ከዘረዘሩ በኋላ፣

«አባቴ፣ ስሙን አደባባይ ማውጣት ነውር ይሆንብዎ ይሆን?» አሉ።

«ስም ንስሐ አይደለም። እመጣለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ሰው ብቻ ሆኑብኝ። ሁለት ከየት አመጣለሁ? ያ የቡሬው ቤት አመለጠኝ በቃ።»

አባ ገብረሰንበት ጥቂት አሰቡና ሳቃቸው መጣ። «ደስታነሽ፣ ቀብሩ ዕለት ፍትሐት ስንፈታ በየትኛው ስም ነበር የጠራሁት?»

«በክርስትና ስሙ ነዋ።»

«በጆሮው ነው እንዴ የነገርሁት? ዕድርተኛው ሁሉ ቆሞ የለም?»

እትዬ ጭናቸውን በጥፊ መቱ። ሰባት ዓመት የደበቁትን ስም አገር ሁሉ ሰምቶታል!

ፍኖተ ሰላም ሲመለሱ ቤታቸው ሳይገቡ የሄዱት የዕድሩ ጸሐፊ አያ ተስፋው ዘንድ ነው። «እንዴት ይረሳኛል!» አሉ አያ ተስፋው። አንዲት ጎረቤትም እኔም ሰምቻለሁ ብላ ሦስተኛ ሆነች።

ፍርድ ቤቱ ግንቦት ሃያ ስድስት ቀጠረ። አባ ገብረሰንበት ጥላቸውን ይዘው በባጃጅ መጡና መሰከሩ። ጎረቤቲቱም መሰከረች። ከዚያ የአያ ተስፋው ተራ ደረሰ።

«ወልደ ሥላሴና አድማሴ አንድ ሰው መሆናቸውን በምን ያውቃሉ?» አለቻቸው ዳኛዋ።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ እንደው ልናገር፣ የዚያን ዕለት አርፍጄ ነበር የደረስሁ። ቄሱ ‹ወልደ ሥላሴ፣ ወልደ ሥላሴ› ሲሉ ብሰማ፣ ‹የሰው ቀብር ተሳስቼ መጣሁ፣ የአድማሴ የት ነው?› ብዬ ልመለስ ዞርሁ። አንዱ ጋቢዬን ይዞ፣ ‹ይኸው አድማሴ፣ ወዴት ነው?› አለኝ። አፍሬ ቆምሁ። በዚህ ነው የማውቀው።»

ዳኛዋ ፊቷን በመዝገቡ ከለለች። ችሎቱ ግን አልቻለም፤ አባ ገብረሰንበት ሳይቀሩ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ውሳኔው በማግስቱ ተጽፎ ወጣ፤ ወንዳወቅም መዝገቡ ላይ አስተካከለው። ዛሬ ጠዋት እትዬና መምህሩ ጎን ለጎን ቆሙ፤ እሱ ፈረመ፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

ለምሳ እንኳ አልቆሙም። መነኸሪያ ወርደው በመጀመሪያው ሚኒባስ ቡሬ ገቡ። ሙስሊማ ቃሏን ጠብቃ ቆየቻቸው፤ ያህያም በሽማግሌ ፊት ፈረመ። ያምሮት አሁን ነው የደወለችልኝ።

«እናቴን ተናገሯት!» ትላለች እየሳቀች። «ዕቃዋ እንኳ ሳይመጣ አጥሩ ላይ በር ይከፈት፣ ልጆቹ በዋናው መንገድ ዞረው አይመጡም ብላ አናጢ አስጠርታለች!»

አሁንስ ይብቃኝ። የአቶ አድማሴ እህት ሸጋዬ ማንኩሳ ናት፤ ስልክ የላትም፣ ምንም አልሰማችም። የወንድሟ ስም ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ መመለሱን ከኔ በፊት ሌላ ሰው ይነግራታል እንዴ? ባጃጁ ውጭ እየጠራኝ ነው፤ በሉ ሄድሁ!