በፎጣ የተጠቀለለው ጠርሙስ

አዳማ ላይ ያሰሩኝ ፌስቡክ ላይ ለጻፍኩት አንድ አንቀጽ ነው። የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ የሽንት ሽታው ተቀበለኝ። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። የባቱ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ሚኒባሳቸው ማንን እንደጫነ ተናገሩ ተብለው ነው የገቡት።

ሐጂ የሚሸኑት በዚያ ጠርሙስ ነው፤ የሚሸኑትም ደም ነው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ውስጥ ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ የቀዶ ጥገና ቀጠሯቸው እዚያው ታስረው ሳሉ አለፈ። ይህን አጠገባቸው ለምተኛው ለእኔ ብቻ፣ አደራ ብለው ነገሩኝ። ጠርሙሱን ለማንም ስለማያሳዩ ሌላው እስረኛ ሁሉ በግምት ያክማቸዋል። «የዚህ አገር ውሃ ያመጣው የኩላሊት ጠጠር ነው» ብለው የገብስ ውሃ አጠጧቸው። ደሙ እየረጋ እንደ ክር ረዝሞ ይወጣ ጀመር። ሐጂ «ረጅም ነገር ወጣኝ» ቢሉ፣ አንድ የወሎ ባለሱቅ «ትል ነው!» አላቸው። የጣቢያው ነርስም ሳያይ የትል ኪኒን ሰጣቸው። ፀጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ።

አንድ ጠዋት ሽንታቸው ጭራሽ እምቢ አለ። የረጋው ደም መውጫውን ዘግቶታል። ሆዳቸውን ይዘው «ያ ረቢ!» እያሉ ይንቆራጠጣሉ። የምን አደራ አልኩና በሩን ደበደብኩ።

«ካንሰር አለባቸው! ሆስፒታል ይወሰዱ!»

ተረኛው ፖሊስ በመስኮቷ አየኝ። «አንዱ ጠጠር ይላል፣ አንዱ ትል ይላል፣ አንተ ደግሞ ካንሰር። መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ።»

«ጠርሙሱን ይዩት! የሌሊቱ ደም አለበት!»

«ያሳዩኛ። ሳላይ መኪና አላዝም።»

ሐጂ ጠርሙሱን ጉያቸው ሸሸጉት። «በሰው ሁሉ ፊት ነውሬን አላወጣም፣ ልጄ።»

«ይሞታሉ እኮ፣ ሐጂ!»

«ልሙታ።»

በፖሊሱ ልናደድ ወይስ በእሳቸው፣ ግራ ገባኝ። ያን ጊዜ ትል ነው ባዩ ባለሱቅ ብድግ አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሌሎቹም ተከተሉት። እኔም ዞርኩ። ከኋላችን ፎጣው ሲፈታ ተሰማን። ፖሊሱ ወደ መስኮቷ ተጠግቶ አየ።

«መኪና አምጡ» አለ።

ስፈታ ባቱ ሄጄ ጠየቅኳቸው። አንድ ኩላሊታቸው ወጥቷል፤ ካንሰሩ ግን ቀድሞ ተሰራጭቷል። ለዚያ ላለፈው ቀጠሮ ዛሬም እበግናለሁ። እሳቸው ግን እጄን ይዘው «ያን ቀን ማንም አላየኝም» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ቤታቸው አረፉ።

አሁን ላቦራቶሪ ደጃፍ ሰው ሽንቱን በብልቃጥ ይዞ ሲመጣ ካየሁ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አጠገቤ ላሉት ያበድኩ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው።