ከእጄ ያልለየሁት ፒፔት

ስለዚያ ወር የምጽፈው ሁሉ ትክክል ነው ብዬ አልምልም። የፒፔቱ ቁልፍ ሰማያዊ እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ ቢጫም ሊሆን ይችላል። ቅናቱን ግን አልረሳሁትም።

በኬንያ ዋና ከተማ፣ ዌስትላንድስ በሚባል ሰፈር በሚገኝ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን ነበርን፤ እኔና ከእኔ በኋላ የተቀጠረች አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ። ሥራችን ከዝናብ ጠብታ እጅግ ያነሰ ፈሳሽ በፒፔት፣ ቁልፉ ሲጫኑት በሚስብ የእጅ መለኪያ፣ እየሳቡ መለካት ነበር። የሁለታችንም ውል ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ኬንያዊቷ ኃላፊያችን የአንዳችንን ብቻ እንደምታድስ ነገረችን። ሚዛን ላይ ውሃ እናንጠባጥባለን፤ ጠብታዎቹ እኩል የሆኑለት ይቀራል።

ጥሩ ፒፔቶች ጥቂት ስለነበሩ፣ ማስቀመጫው ላይ የተሰቀለውን የቀደመ ያነሣዋል። እኔ የመረጥኩትን ጠዋት አንሥቼ እስከ ምሳ ከእጄ አልለየውም ነበር። በተለይ እሷ እንድትነካው አልፈልግም። እሷ ግን ከእያንዳንዱ ጠብታ በኋላ የያዘችውን መልሳ ትሰቅላለች፤ ሰው ከወሰደባት ሌላ ታነሣለች። ግዴለሽነቷ ያናድደኝ ነበር። ኃላፊያችን አጠገቧ ቆማ ስትስቅ ሳይ ደግሞ ፒፔቱን ይበልጥ አጥብቄ እጨብጣለሁ።

«ወንድሜ፣ አስቀምጠው እንጂ። ሕፃን አይደለም፣ አያለቅስም» አለችኝ አንድ ቀን።

«አንቺ እንድታነሽው?»

«ላብህን ማን ይፈልገዋል?»

ኬንያውያን ባልደረቦቻችን ምን እንዳለች ጠየቋት። በስዋሂሊ ነገረቻቸውና ሳቁብኝ። በስዋሂሊም ትበልጠኝ ነበር።

በፈተናው ቀን የእሷ ጠብታዎች እኩል ወጡ። የእኔ የመጀመሪያዎቹ ደኅና ነበሩ፤ እየቆየሁ ስሄድ አነሱ። ውሉ ለእሷ ታደሰ። ባልደረባዬ ሁርሊንግሃም ሰፈር ወዳለ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ወስዳ ምሳ ስትጋብዘን «እንኳን ደስ አለሽ» ያልኳት ይመስለኛል። ክትፎውን ግን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ኃላፊያችን አድልታላት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ይህን እምነት ለዓመታት ይዤው ኖርኩ።

በቅርቡ፣ አሁን በምሠራበት ቤተ ሙከራ፣ ያንኑ ፈተና ብቻዬን ደገምኩት። አንዱን ፒፔት በመጀመሪያ በየመሀሉ እየሰቀልኩ፣ ቀጥሎም ጨብጬው እየቆየሁ ውሃ መዘንኩበት፤ ስጨብጠው ጠብታዎቹ እንደ ፈተናው ቀን እያነሱ ሄዱ። ያኔ «አስቀምጠው» ያለችኝ ለቀልድ ይሁን ለምክር አላውቅም። ለምክር ከነበረ፣ ዛሬም እቀናባታለሁ። የመዘንኩትን ከአምራቹ መመሪያ ጋር አመሳከርኩት፤ የእጅ ሙቀት በፒፔቱ ውስጥ ያለውን አየር ስለሚያሰፋው፣ ለረጅም ጊዜ የተጨበጠ ፒፔት የሚስበው ፈሳሽ ያንሳል።