የቦልቴ የድርቆሽ ክምር

ቦዲቲ አጠገብ በነበረ አንድ ባለርስት እርሻ ላይ ድርቆሽ ከማሪ ቢባል ቦልቴ ነበር። ሣሩ በእንጨት ሳጥን ተረግጦ በገመድ ሲታሰር የአምስት ዓመት ልጅ ያህል ይከብዳል። ሚስቱ ፈጠነች ከታች ታቀብለዋለች፤ እሱ በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ቦታው ያስቀምጠዋል። አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም፤ በየመሃሉም ክንድ የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል። «ድርቆሽም ይተነፍሳል፤ ከታፈነ ከውስጥ ይግላል» ይል ነበር። ጠዋት ጠዋት እጁን እስከ ብብቱ ይሰድበታል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ደስ ብሎት ቁርሱን ይበላል።

ደመወዝ የለውም። የድካሙ ዋጋ የቤቱ ቦታና የጓሮው እንሰት ነው። ክምሩ ከተበላሸ ከሁለቱም እንደሚነቀል ባለርስቱ ራሱ ነግሮታል።

በ፲፱፻፶፯ ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። የእርሻው ካቦ ደገፉ እርጥቡን እስር ሁሉ ክምሩ ወደሚቆምበት ዳስ አስገባ።

«ጌታዬ፣ ይኼ ሁለት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል» አለ ቦልቴ።

«ፀሐይን የምታዛት አንተ ነህ? ከምር!»

«እሺ፣ ክፍተቱን ሰፋ ላድርገው።»

«ለአይጥ ቤት ልትሠራ? ቦታ የለም፤ ጠቅጥቀው!»

ፈጠነች ከታች ሆና፣ «ጋሽ ደገፉ፣ እንግዲያው አንተ ውጣና ከምረዋ!» ብትል ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ደገፉ አልሳቀም። ቦልቴ ጠቀጠቀ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከላይ አንድ እስር ነቅሎ እጁን ሰደደና ወዲያው መዘዘው። ክምሩ የሚቆላ ገብስ ይሸታል። ወደ ካቦው ሮጠ።

«ከውስጥ እየበሰለ ነው፤ ሰው ስጠኝና እናፍርሰው።»

«ስላስጠቀጠቅሁህ ቆጭቶህ ነው። ዞር በል!»

ቦልቴ ብቻውን ሊያቀዘቅዘው ወጣ። የሞቀ ክምር ከፍቶ አያውቅም፤ የእሱ ክምር መቼ ሞቆ ያውቅና! አራተኛውን ረድፍ ሲያነሣ ነፋስ ገባበት። ውስጡ ታምቆ የነበረው ግለት ያን ጊዜ እሳት ሆኖ ነደደ።

ባለርስቱ ሲደርስ ያገኘው የከሰለ ዳስና እጆቹ በእሳት የተላጡበትን ቦልቴን ነው። «ክምሩ ላይ የነበረው እሱ ብቻ ነው» አለ ደገፉ። ይኼስ እውነት ነው። ማን እንዳስጠቀጠቀው የጠየቀ የለም፤ ያን ቀን የሳቁትም መሬት መሬቱን አዩ።

ቦታውን ለቀው እንዲወጡ ሦስት ቀን ተሰጣቸው። እንሰት ደግሞ በሦስት ቀን ተፍቆ፣ ተቀብሮ፣ ለምግብ አይደርስም። ሁሉንም እንደቆመ ትተውት ሶዶ ገቡ። የቦልቴ ጣቶች ከዚያ ወዲህ ተዘርግተው አያውቁም፤ የምታጎርሰው ፈጠነች ናት።

እሷ ስታወራኝ ደገፉን ብዙም አትረግምም። የምትመለስበት ሌላ ነው፦ «ከመጀመሪያው እስር ጀምሮ የእርጥበቱን ክብደት ክንዴ ያውቀው ነበር። እያወቅሁ አቀበልኩት።»