አልሰናበት ያለው ሚዛን

አገሬን የለቀቅኩ ዕለት ምሽት አውሮፕላኑ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ጥፋቱ ለባቡር ሀዲድ የተቆፋፈረው የመገናኛ መንገድ ብቻ አልነበረም፤ እናቴ ከሾላ ገበያ ጀርባ ያለውን ሰፈራችንን ቤት ለቤት ካልተሰናበትክ አትሄድም አለች። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደግሞ ስመውኝ ከጨረሱ በኋላ «ቆይ እንጂ፣ ልጄ እኮ ከሥራ አልገባችም፤ ሳታያት ልትሄድ ነው?» አሉ። ጠበቅናት።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ጀርመን አገር ገብቶ፣ የሱቅ ሚዛንን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም እንዲያስተካክል የተቀጠረው። ወገኖቼ፣ እዚህ ሰው «ቹስ»፣ ማለት «ቻው»፣ ይልና ይሄዳል፤ ዞር ብሎም አያይም። አከራዬ ወይዘሮ ሄልጋ ክፍሌን አይተው ሲወጡ እስከ ደጅ ብሸኛቸው «የረሳሁት ነገር አለ?» ብለው ኪሳቸውን ፈተሹ። ማታ የሚበላው ቀዝቃዛ ዳቦ ነው። ብርዱ እንኳ እንደ እንጦጦ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ አይሄድም፤ እንደኔው ቤት የተከራየ ይመስላል።

የፕሮግራሙም በሽታ ይኸው ሳይሰናበቱ መሄድ ነበር። የሚዛኑ ገመድ ሲነቀል ሚዛኑን ወዲያው ከኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ያጠፋዋል፤ ዋጋ የሚያሰላው ክፍል ግን ገና «ስንት ኪሎ ነው?» እያለ ይጠይቀዋል። የሌለ ነገር ሲጠየቅ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። እኩያዬ የሆነው አለቃዬ ክላውስ ይህን ካላስተካከልኩ የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ እንደሚያሰናብተኝ ነገረኝ። የመኖሪያ ፈቃዴም የሚያበቃው ከሥራው ጋር ነው፤ ፈራሁ።

ግን ስንብት እኮ የኛ ሙያ ነው! ሚዛኑን የያዘው የፕሮግራሙ ክፍል ሁሉ «ለቅቄዋለሁ» እስኪል ድረስ እንዳይጠፋ አደረግኩ። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ሚዛኑ ቀድሟቸው ውልቅ ቢልስ? ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ሚዛኑም በተራው ክፍሎቹን እንዲይዛቸው፣ እነሱ ሳይወጡ እንዳይወጣ አድርጌ ጻፍኩት።

በማግስቱ ክላውስ ጠራኝ። ገመዱ ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር አዲስ ሚዛን ይፈጠራል፤ አሮጌው ግን አይወጣም።

«ጠረጴዛው ላይ ስንት ሚዛን አለ?»

«አንድ።»

«ታዲያ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ለምን ገበያ ሙሉ ሚዛን አለ?»

«እየተሰነባበቱ ነው» አልኩት።

«እስከ መቼ?»

ፕሮግራሙን ከፍቼ አየሁት። ሁለት የሰፈሬ ሰዎች በር ላይ «ልሸኝህ»፣ «የለም፣ እኔ ልመልስህ» ሲባባሉ እንደሚያመሹት፣ ሚዛኑ ክፍሎቹን፣ ክፍሎቹም ሚዛኑን ይዘው ቀርተዋል። ቅር እያለኝ የአንዱን ወገን እጅ አስለቀቅኩ፤ ሚዛኑ ማን እንደያዘው ያውቃል እንጂ እሱ ማንንም አይዝም። ሠራ። ክላውስ ገመዱን ደጋግሞ ነቀለ፣ ሰካ፤ ከዚያ «ቋሚ ሆነሃል፣ ቹስ» ብሎኝ ወጣ።

ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ቋሚ ሆንኩ!» ስላት እልልታዋ ጆሮዬን ሊበሳው ደረሰ። ከዚያ እልልታውን አቋርጣ ጠየቀችኝ።

«ቋሚ ማለት… እዚያው ማለት ነው እንዴ?»

«ኧረ ለእረፍት እመጣለሁ እማዬ።»

«ለእረፍትማ የሚመጣው እንግዳ ነው» አለችኝ።