ወንዙ እንግሊዝኛ ተናገረ

ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ባለው የፊልም ክበባችን ውስጥ አንድ ወንዝ እንግሊዝኛ ሲናገር ሰማሁ።

ፊልሙ ከአንድ የህንድ ልብ ወለድ የተሠራ ነው። መጽሐፉን ከልጄ ከሃና ጋር አንብበነዋል። እዚያ ወንዙ የሚያወራው በመንደሩ ቋንቋ ብቻ ነው፤ እንግሊዛዊው ገዢ አጠገቡ ቆሞ ምንም አይገባውም።

ፊልሙ ላይ ግን ሁለቱ ቁጭ ብለው ይጨዋወታሉ! (ወንዙ አክሰንት እንኳ የለውም፤ ቀናሁበት።)

ሃና "ማሚ፣ ዚስ ኢዝ ሮንግ! ንገሪያቸው" አለችኝ።

ፊልሙ አልቆ ውይይቱ ሲጀመር እጄን አወጣሁ። አወያዩ "ተመልካቹ እንዲገባው ብለው ነው" አለኝ።

"ደራሲው እኮ የጻፈው ገዢው እንዳይገባው ብሎ ነው" አልኩት። አንዲት ህንዳዊት እናት ከኋላ አጨበጨቡልኝ።

የሚቀጥለውን ፊልም አንቺ ምረጪ ተብያለሁ። እመርጣለሁ! ወንዙም፣ ዛፉም፣ ሙታኑም በገዛ ቋንቋቸው የሚናገሩበትን፤ ያልገባው ሰብታይትል ያንብብ።

እናንተስ፣ የምትወዱት መጽሐፍ ፊልም ሲሆን ምኑን ወሰዱባችሁ?